ሹንዴ የተባለው ጭሰኛ

መስከረም 20 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ያወጣሁት ለሩሃማ ሠርግ የሚጠሩትን ሰዎች ስም ልጽፍበት ነበር። ሦስት ገጽ ሞልቼ ነበር። አሁን ከኋላው በኩል ጀመርኩ፤ የፊቱን ማየት አልፈለግኩም።

ትናንት የሳምሶን ሽማግሌዎች መጡ። ሳምሶን ጨለለቅቱ አስተማሪ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ልጄ ሩሃማ ይርጋጨፌ ነርስ ናት። አባቷ ተሻለ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ በአባት ቦታ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ገመቹ ነው፣ ከኮንጋ መጥቶልን። ኮቱን አስተኩሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ሲያዩት ያስፈራል። ዘንድሮ ሀይቻ ሊያደርጉት ነው። ሀይቻ ማለት ከጎሳው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ የሚፈርድ ሰው ነውና ወንበሩ ከአሁኑ ፊቱ ላይ ይታያል።

ሁሉም እያማረ ሄደ። ምርቃቱ፣ ቀልዱ። የሳምሶን አጎት "ልጃችሁን ስጡን፣ እኛም መርፌ የምትወጋን እናግኝ" ብሎ አሳቀን። ከዚያ እንደ ዋዛ "ለመሆኑ የየትኛው ጎሳ ናችሁ?" አለ።

ጋሽ ገመቹ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "ሀኑማ ነን። ሹንዴ ጅግሶን ወለደ። ጅግሶ እኔንና ተሻለን ወለደ።"

እነሱም ሀኑማ ናቸው።

በጌዴኦ አንድ ጎሳ ማለት አንድ እናት ማለት ነው። የሳምሶን አባት ጎንበስ ብሎ ቆቡን ከጉልበቱ ላይ አነሳና "ወንድምና እህት አናጋባም" አለ። ዶሮው ሳይነካ ተነስተው ሄዱ። ወጡ ላይ ቅቤው ረግቶ ቀረ።

"ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ ሁላችንም እናስብበት" አሉ በሩ ላይ። ይህ የጨዋ እንቢታ ነው። እስከዚያ ልጁን መክረው ሌላ ሊያጩለት ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ ፖሊስ ነበር፤ ዲላ ተወልጄ ዲላ ሳድግ ጎሳ የሚባል ነገር በቤታችን አልተነሳም። ልጆቹም ጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ነው የተዋወቁት፤ እነሱ ደግሞ "በክርስቶስ አንድ ነን" ባዮች ናቸው። ግን ሃያ ሰባት ዓመት የጌዴኦ ሚስት ሆኜ ይህችን አንዲት ጥያቄ አስቀድሜ አልጠይቅም?

አንድ ነገር ግን አለ። የሳምሶን አያት ዘጠና ያለፋቸው ናቸው። ደግፌ ባጃጅ ላይ ሳወጣቸው አጠገባቸው ላለችው ሴት በጌዴኡፋ እንዲህ አሉ፦ "እኔ ኮንጋ ነው ያደግኩት። ሹንዴን አውቀዋለሁ። ሹንዴ እኮ ልጅ ሳይወልድ ነው ወደ ቦረና የጠፋው።"

የኔ ጌዴኡፋ ለገበያና ለጠብ ይበቃል። በደንብ ነው የሰማሁት።

መስከረም 22

ልቤ ስፍራው ላይ የለም። ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነው፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የዚያድ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጥግ ላይ። ዛሬ የአንዱን ሰው ውክልና ዘቅዝቄ ሃያ ጊዜ አነሳሁት። ዚያድ "እት ማንጤ፣ ሰውዬው በእጁ ቆሞ ካላነበበው አይሆንለትም" አለ። ለመሳቅ ሞከርኩ።

ሩሃማ ደውላ "ደህና ነኝ እማ" አለች። ደህና የሆነ ሰው ሳይጠየቅ ደህና ነኝ አይልም።

መስከረም 26፣ እሁድ

ኮንጋ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወደ ላይ በሞተር። ዝናቡ አላቆመም፤ ሞተረኛው "እናቴ፣ ያዢኝ እንጂ ከዘራ መሰልሽኝ" ይለኛል።

ሴቶቹ እንደ ሁልጊዜው "እንግዳዋ መጣች" አሉ። ሃያ ሰባት ዓመት እንግዳ ነኝ። በተሻለ ልቅሶ ላይ እንኳ ድንኳኑ ውስጥ ያስቀመጡኝ ከከተማ ከመጡት እንግዶች ጋር ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አልይዝም። ትዝ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

ጋሽ ገመቹን የአባቶቹን ወረቀት አሳየኝ አልኩት። ደስ ብሎት አወጣው፤ በፌስታል የተጠቀለለ፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ። ሁሉም ላይ "ሹንዴ" ይላል። ጣቱን ስሙ ላይ እያስሄደ "ይኸው፤ የኔ አያት እንኳን ሰው፣ ወረቀት ያውቀዋል" አለኝ።

የሳምሶን አያት ያሉትን ነገርኩት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ሲናደድ አንተና አንቺ ይቀላቀልበታል። "አንተ ምን ፈለግክ? ወንድሜን ቀበርሽ፣ አሁን አያቴን ልትቆፍር ነው?"

"ጋሼ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው።"

"ልጅቷ ሌላ ባል ታገባለች። እኔ ሌላ አያት የለኝም።"

ስወጣ ሚስቱ እስከ እንሰቱ ድረስ ሸኘችኝና "አታስቀይሚው" አለችኝ። "የአያቱን ነገር ሲያነሱበት ያመዋል። የዱመርሶን መንገድ እንኳ አይወድም፤ ለልቅሶ ሲጠሩት እግሬን ይላል።" ዱመርሶ ምን አገባው እዚህ ውስጥ? አልጠየቅኳትም።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ጋሽ ተክለጻድቅን አማከርኩ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ ወጥተው አሁን አጥሩ ስር ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፒያቸውን ሁሌ እኔ ነኝ የማነሳላቸው። የሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኳቸው።

"የባልሽ ቤት ጉዳይ ነው አይደል?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

እንዲህ አስረዱኝ። በባላባት ጊዜ ጭሰኛ ሲማረር ሌሊት ይጠፋል። የባላባቱ ወኪል ግን መዝገብ ላይ "ጠፋ" ብሎ አያስጽፍም፤ ካስጻፈ ጌታው ይጠይቀዋል። በማግስቱ ሌላ ችግረኛ ያስገባበትና ያው ስም ላይ ያስከፍለዋል።

"አዲሱ ሰው ታዲያ ስሙ አይመለስለትም?"

"ምን ሊያደርግለት? ደረሰኙ ሹንዴ ካለ ሹንዴ ነው። ወኪሉ ሹንዴ ብሎ ይጠራዋል፣ ጎረቤት ሹንዴ ይለዋል፣ ልጁ የሹንዴ ልጅ ይባላል። ሰው ይሄዳል፣ መሬቱ ላይ ስም ይቀመጣል። እኔ በዘመኔ ሦስት ተከታታይ ሰዎች በአንድ የሞተ ሰው ስም ሲከሰሱ አይቻለሁ፤ ሦስተኛው 'እኔስ መቼ ነው የምሞተው?' ብሎ ዳኛውን አሳቀ።"

እኔ አልሳቅኩም። ወኪልና ጭሰኛ የተካሰሱበት የድሮ መዝገብ ካለ እዚያ ውስጥ ሊወጣ ይችላል አሉኝ። ፈቃድ መጠየቂያውን ራሳቸው ጻፉልኝ። "ግን አስቢበት አንቺ ልጅ። መዝገብ ሲከፈት የፈለግሽውን ብቻ አይደለም የሚያወጣው።"

ጥቅምት 8

መዝገብ ቤት፣ ከምሳ በኋላ። አቧራ። ሳስነጥስ ዋልኩ። ምንም።

ጥቅምት 12

ምንም። አንዱ ክምር ምስጥ በልቶት ስነካው ዱቄት ሆነ። የሹንዴ ነገር ያለበት እሱ ቢሆንስ?

ሩሃማ ደወለች። የቤት ሠራተኛቸው ሳምሶን ቤት ሰዎች ሲመላለሱ አይታለች። ለሳምሶን የምትታጭ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስሟ ተነስቷል።

ጥቅምት 15

ቀይ ቡና በየመንገዱ መጫን ጀመረ። ፈጥኖ ነው ዘንድሮ የደረሰው። ሰው ሁሉ ቡናው ደረሰ ሲል ደስ ይለዋል፣ እኔ የቀሩኝን ቀናት እቆጥራለሁ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

አገኘሁት።

1941 ዓ.ም. ይላል። ጥግ ጥጉ ተበልቷል፤ መሀሉ ግን ይነበባል። አንድ የባላባት ወኪል የሌላውን ወኪል ከሷል፤ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የወሰን። ምስክሩ ግን እንዲህ ብሏል፣ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦ "ሹንዴ የተባለው ጭሰኛ ሚስቱ ሞታበት ልጅም ሳይኖረው ወደ ቦረና ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በቦታው ዱካሌ የተባለ ከዱመርሶ መጥቶ ከነልጁ ገብቶበታል። በሹንዴ ስም ይከፍላል።"

ከነልጁ። ያ ልጅ ጅግሶ ነው፣ የባሌ አባት። ሙሽራ ሆኜ ስገባ እጄን ይዞ "አይዞሽ፣ ይለመዳል" ያለኝ ሰውዬ። ምን እንደሚለመድ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ማኅተም ያለበት ግልባጭ ሰጡኝ። እያየሁት ብዙ ቆምኩ። እነሱም እንግዳ ነበሩ። ያ ሁሉ "እንግዳዋ መጣች"፣ ያ ሁሉ ከዘራ፣ ያ ሁሉ "ወረቀት ያውቀዋል"።

ደስ ብሎኝ ነበር እንዴ? አይ። ለሩሃማ ነው ደስ ያለኝ። ሀኑማ ካልሆኑ ልጆቹ ወንድምና እህት አይደሉም።

ተሻለስ ያውቅ ነበር? አንዴ ከአባቱ ቀብር ስንመለስ "እኛ እኮ በሰው ስም ነው የምንኖረው" ብሎኝ ነበር። የሀዘን ወሬ መስሎኝ ሻይ ላፍላልህ አልኩት። ባሌ በሩን ከፈተልኝ፣ እኔ ሻይ ላፍላልህ አልኩት።

አሁን ለጋሽ ገመቹ እንዴት ነው የሚነገረው? ይህ ወረቀት ከወጣ ሀይቻነቱ ቀረ። በቀስታ፣ ብቻውን አግኝቼ እነግረዋለሁ። እሁድ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

እግዚኦ።

ሰው ሁሉ እኔ ጋ የሚሠራው ጥፋት አለ፤ ኮፒውን ይዞ ይሄዳል፣ ዋናውን መክደኛው ስር ይረሳል። ቀኑን ሙሉ "ዋናውን እንዳትረሱ!" ስል ነው የምውለው፤ ዚያድ የመደብሩ መዝሙር ይለዋል። ዛሬ እኔ ረሳሁት። ለሳምሶን አጎት የሚሆን አንድ ኮፒ አንስቼ ቦርሳዬ ከተትኩና ግልባጩን መስታወቱ ላይ ትቼ ለምሳ ወጣሁ።

ስመለስ ዚያድ ፊቱ ልክ አልነበረም። አንድ ከኮንጋ የመጣ አስተማሪ የፈተና ወረቀት ሊያነሳ መክደኛውን ከፈተ። አነበበው። እንዲያውም በስልኩ አነሳው።

"ለምን ዝም አልከው?" አልኩት ዚያድን።

"እት ማንጤ፣ እኔ የኮንጋን ሰዎች አያት ስም በምን ላውቅ? የድሮ ጽሑፍ ሲያነብ ደስ አለኝ።"

ሃያ ዓመት ልሠራበት ነው በዚያ ማሽን፣ አንድ ቀን ዋናውን ረስቼ አላውቅም። ደክሞኝ ነው። እንቅልፍ አጥቼ ነው። ረሳሁት፣ ሌላ ምንም የለም።

ጥቅምት 25

ጋሽ ገመቹ ደወለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ገበያ ላይ ነው የሰማሁት" አለ። "ከአንቺ አፍ ብሰማው ምን ነበረበት?"

"ጋሼ፣ እሁድ ልመጣ..."

"እሁድ አልፏል። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው አባቴ የነገረኝ። ስድስት ልጅ ወልጄ ለአንዳቸውም አልነገርኩም። አንቺ በአንድ ጠዋት ለኮንጋ ሁሉ ነገርሽ።"

ያውቅ ነበር። እኔም ያን ቀን በሚስቱ ቃል ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ዱመርሶ ስትል ሰምቻለሁ። ላለመጠየቅ መረጥኩ።

"ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ሳምንት ሶንጎ ላይ ጠርተውኛል" አለኝ። "ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ።"

ኅዳር 2

መጸለይ አቅቶኝ ማርያም ደጅ ቆሜ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልለምናት? ልጄን ዳሪልኝ ልበላት ወይስ እሱን አታዋርጂው? ሁለቱን አንድ ላይ መለመን አፈርኩ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ሁሉንም ልጻፈው፤ ነገ ይጠፋብኛል።

ሶንጎ ሽማግሌዎቹ ለፍርድ የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው፤ ትልቅ ዛፍ፣ ከስሩ ሣር። የሳምሶን አባትና አጎት ከጨለለቅቱ መጥተዋል። ሩሃማና ሳምሶን እንሰቱ ጥግ፣ ተራርቀው ቆመዋል። እኔን ከእንግዶች ጋር አስቀመጡኝ።

ትልቁ ሽማግሌ አንድ ዓይናቸው ደክሟል። ወረቀቱን ተቀብለው ሳያዩት ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"አንቺ የዲላዋ፣ ይህን ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀብሽ?"

"ሦስት ሳምንት አባቴ።"

"እኛን ብትጠይቂን በአንድ ጠዋት እንነግርሽ ነበር። ጸሐፊም ምስጥም አያስፈልግሽም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለካ ሁሉም ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ፣ ከአባቶቻቸው ሰምተው ያውቁ ነበር። ዝም ያሉት ላለማሳፈር ነው።

ከዚያ ተነሱና ከዘራቸውን ሣሩ ላይ ተከሉ። "ዱካሌ የሹንዴን ቦታ ሲይዝ አባቴ እዚህ ዛፍ ስር ነበር። የሹንዴ ስም ይጥፋ አላልንም፤ ዱካሌም ያለ ወገን ይቅር አላልንም። ሦስት ትውልድ ከኛ ጋር የቆፈረ፣ ሬሳችንን የተሸከመ፣ ሀኑማ ነው። ገመቹ የኛ ነው። ወንበሩም የሱ ነው። ይህን ወረቀት የሚያነሳብን ሰው ይቀጣል።"

ሁሉም በአንድ ድምፅ አጸደቁ። መረቁት። ሰዎች እየተነሱ ጋሽ ገመቹን አቀፉት፤ ትልቅ ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው አልኩ በልቤ። እንባዬን ስጠርግ ሩሃማን አየኋት። እሷ አታለቅስም። መሬት መሬት ታያለች።

ያኔ ነው የገባኝ። እሱ የነሱ ከሆነ እሷ የሳምሶን እህት ናት። አቅፈው ዘጉብን። የሳምሶን አባት ቆቡን እያደረገ ነው።

ጋሽ ገመቹ ግን አልተቀመጠም።

"አባቶቼ" አለ፣ "ያጎረሳችሁኝን አልተፋም። አባቴ የሞተው እዚህ ነው፣ እኔም እዚህ ነው የምቀበረው። ግን የዱካሌ ልጅ ነኝ። ለልጅቷ ሲባል የዱካሌ በሉኝ።"

"እንዲህ ካልን ወንበሩ የለህም" አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

"አውቃለሁ።"

"መሬትህን የሚነካ የለም። ነገር ግን ከእንግዲህ ስንፈርድ አንተ ሰሚ ነህ።"

"አውቃለሁ አልኩ እኮ!" አለ፣ ያ ቁጣው መጣበት፤ ከዚያ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው።

የሳምሶን አጎት "እሺ፣ ዱካሌስ ምን ጎሳ ነው?" አለ። "ዱመርሶም ሀኑማ ሞልቶበታል። እሱን አረጋግጡና ኑ፤ ሌላ ከሆነ እኛ ቃላችንን አናጥፍም።"

ጋሽ ገመቹ ከዘራውን አነሳ። ከሽማግሌዎቹ ረድፍ ወጥቶ፣ ሣሩን አቋርጦ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አላየኝም። ትንሽ ቆይቶ "ጠጋ በይልኝ" አለ።

ኅዳር 13

ስልኩን አያነሳም። ሚስቱ "ቡና ይለቅማል" አለችኝ። "ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከሰው ሳይነጋገር። ቀዩንም አረንጓዴውንም ነው የሚለቅመው።"

ምን አደረግኩት?

ያ ወረቀት። ረሳሁት ብዬ ጽፌያለሁ ከላይ። ደግሜ ሳነበው ለማን ብዬ እንደጻፍኩት ግራ ገባኝ። ለምሳ ስወጣ ዞር ብዬ ማሽኑን አይቼዋለሁ፤ መብራቱ በርቶ ነበር።

ኅዳር 18

ራሱ ደወለ። "ቅዳሜ ዱመርሶ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ነይ። መጻፍ ታውቂያለሽ።"

ዱካሌም ሀኑማ ቢሆንስ? ያ ሁሉ ለምንም ይሆናል። እሱ ወንበሩን አጥቶ፣ ልጅቷም ያው።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጽዮን ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ። ትረዳኛለች።

ዱመርሶ ከኮንጋ ይህን ያህል ሩቅ አይደለም። በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜው ያልሄደበት መንገድ ግን ይረዝማል። ሞተሩን አስቁሞ ሁለት ጊዜ ወረደ፤ አንዴ ጫማዬን ልሰር አለ፣ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

በር በር እያንኳኳን ጠየቅን። "ዱካሌ የሚባል፣ የዛሬ ሰማንያ ዓመት ግድም ከዚህ የወጣ ሰው ዘመድ አለ ወይ?" ወጣቶቹ ይስቃሉ። አንዲት ሴት የእርዳታ ምዝገባ መስሏት ስሟን ልታስመዘግብ መጣች። ከሰዓት በኋላ ቡና የሚያሰጡ አንድ ሽማግሌ ጋ ላኩን። የማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው እያገላበጡ ጋሽ ገመቹን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ኮቱን ለብሶ ነበር።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉት።

ይህ ጥያቄ እዚህ አገር ሰላምታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠየቅ ሲመልሰው ሰምቼዋለሁ።

"እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን ከቡናው ላይ አነሱ። ነገርናቸው። ዱካሌን ሲሰሙ "የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው" አሉ። "በረሃብ ዓመት ልጁን አዝሎ ወጣ። ሞቷል ብለን ተላቅሰንለታል።"

"ጎሳችሁስ?" አልኩ እኔ። ጣልቃ መግባቴ ነውር ነበር፤ መታገሥ አቃተኝ።

"ሎጎዳ ነን።"

እልል ልል ነበር። ሎጎዳ! ልጄ ታገባለች። ግን ጋሽ ገመቹን አየሁትና እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። እንደ ሳምሶን።

ሽማግሌው ጉቶ ላይ አስቀመጡትና አባቶቹን ይቆጥሩለት ጀመር፣ ከዱካሌ ወደ ላይ። አንድ ስም ይላሉ፣ እሱ ይደግማል። ሌላ ይላሉ፣ ይደግማል። ከዘራውን ጭኖቹ መሀል አቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ። አራተኛው ላይ ተሳሳተ። "ከመጀመሪያው" አሉት። ከመጀመሪያው ጀመረ። እንደገና አራተኛው ላይ ተሳሳተ።

ስልኬ ጠራ። ሩሃማ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ይህን ነው የምትጠብቀው።

ድምፁን አጠፋሁትና ጋሼ ቆጥሮ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።